የጀልባ ቢጫ

በካስትሮ ወደብ ዳር፣ ዝናብ በማይታክትበት፣
በቀጭን እግሮቹ፣ ውሃ ላይ የቆመ ቤት፣
ግራጫ ነበረ፣ እንደ ሟቹ አባወራ ጢም፤
«ቤት ይከበራል እንጂ» ይል ነበር፣ «አይጮኽም»።

ኤድልሚራ መጣች፣ የጀልባ ቢጫ ይዛ፤
መሰላል አይወጣም፣ በሰባ ሦስት፣ በዋዛ።
ጎረቤቷ ሳቀ፦ «ልትድሪው ነው ይሄን ቤት?
ለጎበጠ ጣውላ፣ ኩል ምን ይፈይድለት?»

መልስ ሳትሰጥ ፋቀች፣ በዓሣ መበለቻ ቢላው፤
ግራጫው ሲላጥላት፣ ብቅ አለ ሌላ ገላው፦
ቀይ። ከቀዩ ሥር አረንጓዴ። ከዚያም ደግሞ
ሰማያዊ፣ ማን እንደቀባው የጠፋ፣ ከሁሉ ቀድሞ።

ለካ ግራጫው ነው፣ መጤ፣ የትናንት እንግዳ፤
ቤቱስ ሲጮኽ ኖሯል፣ ታፍኖ በግድግዳ።

ቢጫውን ቀባችው፣ ጣራው ሥር እስኪደርስ፤
በጭጋግ የጠፋ ታንኳ፣ አይቶት እስኪመለስ።
መዳፍ የምታህል ግራጫ ግን፣ ከበሩ ጎን፣ ተወች፤
ስትወጣ፣ ስትገባ፣ በጣቷ ትነካታለች።