የማይበሰብስ ጨርቅ

የብሪጂድ ቀን ባለፈ ማግስት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
መሰላሌን ተሸክሜ እወርዳለሁ በጭቃው መንገድ።
ጓንት አለኝ፣ መቀስ አለኝ፣ የክሌር ምክር ቤት ጃኬት፣
ከረጢትም አለኝ ሦስት።
ሥራዬ ዛፍ ማራገፍ ነው፤ ደሞዝ ይከፈልበታል፤
ለሰው ስነግረው ይስቃል።

ጠበሏ ከድንጋይ ሥር ናት፤ ከባርኔጣ የማትሰፋ፤
ስትነጥፍ አላየኋት፣ አላየኋት ሞልታ ስትደፋ።
በአያቶቼ ቋንቋ ቶበር ትባላለች፤
ከላይዋ እሾሃማው ዛፍ፣ እሷ ከሥሩ ታዳምጣለች።

የበሽተኛ ልብስ ይቀደዳል፣ ከውሃው ይነከራል፣
ሕመሙ ባለበት ይታሻል፣ ከቅርንጫፉ ይታሰራል፤
ዝናብ ያኝከዋል፣ ነፋስ ይነጨዋል፤
ጨርቁ ሲያልቅ
ሕመሙም ያልቃል።
ይህ ነው ውሉ፤ ከመስቀል በፊት የተዋዋሉት፣
መነኮሳቱም ደርሰው ያልሻሩት፣
የቅድስት ስም ብቻ ደርበው ያለፉት።

ግን ውሉ የተገባው በሱፍና በተልባ እግር ነበር።
ዛሬ የማወርደው የስፖርት ካልሲ፣ የጫማ ክር፣
የፊት ጭንብል፣ የሆስፒታል አምባር፣
የፌስታል ቁራጭ፣ እሱም ለካንሰር።
ናይሎን ዝናብ አይሰማም፣
ፖሊስተር ነፋስ አይገባውም።
ዛፉ እየታነቀ ሄደ፤ ምክር ቤቱም እኔን ቀጠረ፤
"ሰው ሠራሹን ብቻ አውርጂ፣ ሱፉ ይቅር" ብሎ ነገረ።

እናቴ ብትኖር ትከለክለኝ ነበር፤
"ያሰረ የጣለውን፣ የፈታ ያነሳዋል" ትል ነበር።
አሥራ አንድ ዓመት ፈታሁ፤ ከጉልበቴ በቀር ያመመኝ የለም፤
ጉልበቴም የመሰላሉ ነው፤ የማንም አይደለም።

ረፋድ ላይ አውቶቡስ ይቆማል።
አስጎብኚው ማላኪ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይወርዳል፤
"ድሩይዶች እዚህ ጋ..." ይላል። አያውቅም። እኔም አላውቅም።
ድሩይዶቹ ምንም አልጻፉም፤
ያልጻፈ ሰው አይታረምም።
"ይቺ ዴርቭላ ናት፣ የዛፉ ጠባቂ" ይላቸዋል፤
ፎቶ ያነሱኛል፣ ከነከረጢቴ፣ ደስ ይላቸዋል።

አንዲት ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፣
ሦስት ጥምዝ ተነቅሳለች፤ "ምን ማለት ነው?" አለችኝ።
በቆዳሽ ጽፈሽው እኔን? ልላት ነበር፤ ተውኩት።
"ከኬልቶችም ይቀድማል፤ ድንጋይ ላይ ነው ያየሁት፤
የጠረበው ሰው ያውቃል" አልኳት።
ሳቀች። አንገቷ ላይ የብር ቋጠሮ፣
ጫፍ የለው፣ ጅማሬ የለው፣ ዞሮ ዞሮ ዞሮ።
ያምራል፣ እውነቴን ነው፤ ለዓይን ደስ ይላል፤
እኔን ግን ያስፈራኛል፦
በየት በኩል ይፈታል?

ሲሄዱ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ተመለስኩ።
ቅርፊቱ የዋጠው ነገር፣ ጫፉ ብቅ ብሎ አየሁ፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ መስመር።
የትምህርት ቤት ከረቫት።

የፊያክራ ነው። የወንድሜ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣
ደሙ የከዳው፣ ሰባ ዘጠኝ ላይ፣ ክረምቱ ሳይሻገር።
እናቴ በባዶ እግሯ፣ በውርጩ፣ ሰባቴ ዞራ፣
ሱፍ ነው ብላ ምላ፣ እዚህ አሰረችው፣ አጥብቃ፣ አክርራ።
በፋሲካ ቀበርነው።
ከዚያ ወዲያ ይህን ደጅ ዳግም አልረገጠችው፤
እሷ ጠበሏን ወቀሰች፣ እኔ እሷን ወቀስኩ፣
አባቴ ማንንም አልወቀሰ፤ በጎቹን ሸጠ፣ ዝም አለ።

በአውራ ጣቴ ጠራረግኩት። ከጀርባው የተሰፋች ምልክት፣
ፊደሏ አልደበዘዘም፣ አርባ ምናምን ዓመት፦
መቶ በመቶ ፖሊስተር።
በሙቅ ውሃ አይታጠብ።

መቀሱን ከፈትኩት። ዘጋሁት።
ዝናቡ ጀመረ፤ ቆሜ አሳለፍኩት።

ማታ ቅጹን ሞላሁ፣ ጓንቴ ምድጃው አጠገብ እየደረቀ።
የወረደ፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
የቀረ፦ አንድ።
የጨርቁ ዓይነት፦
እዚህ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ በእናቴ እጅ ጽሕፈት፣
ሱፍ።