የፍሬን ሽቦ

የጓንጉልን ነገር ማን ይጠይቀኛል?
ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ዛሬም ስታኞ ይሸተኛል።

የአሰብ መኪና ላይ ረዳት ነበረ፣
ሸራ ሲያስር ውሎ ጎማ ሥር ያደረ።
አንድ ቀን ከወደብ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣
ቀይ ጊታር ይዞ መጣ «ከግሪክ ገዛሁ» ብሎ።
ስድስት ክር ሲገባት አምስት ነው ያላት፤
ቀጭኗን የባሕር ጨው አሰብ ላይ በልቷት።

ደሴ ላይ ያን ጊዜ የጊታር ክር የለ፤
ከሰይድ ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ነቀለ።
ሰይድ በማግስቱ፣ ሐረጎ ቁልቁለት፣
ፍሬን ቢጨብጥ የለ፤ ሁለት ጥርስ አጣበት።

ሙጋድ፣ ሱቄ ውስጥ፣ መብራት አደብዝዘን፣
የአስመራን ጣቢያ በሽቦ ጫፍ ይዘን፣
የማናውቀው ሰውዬ ጊታሩን ሲያስሮጠው
ጓንጉል ትንፋሹን ነው ከምራቁ ጋር የሚውጠው።
«ይሄማ ትሬንታ ነው፣ ዶሮ መዝለያን ሲወጣ፤
ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣ ሞተሩ ሲቆጣ!»

ሊቀዳው ሞከረ፤ ጣቱ ግን እምቢ አለ፤
እየሮጠ ሄዶ ባቲ ላይ ዋለለ።
ሽቦዋም አመሏ፣ ልኳ ላይ አትቆም፤
ዝቅ ብላ ታዝናለች፣ ብትወጠር ብትጠመም።
እሱም አልታገላት፤ ከዜማው መጨረሻ
ሰጣት ለውድቀቷ የራሷን ድርሻ።

ዘለቃሽ ቡና ቤት፣ ቅዳሜ፣ ያን ማታ፣
ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ሰው ሞልቷል በተርታ።
ከአሮጌ ፊሊፕስ የሠራሁት ማጉያ
ጢስ ተፋ፤ በኮቴ አፈንኩት እዚያው እዚያ።
ሰዉ ተነሣ፤ ግን መደነሻው ጠፍቶበት፣
ትከሻው ለእስክስታ፣ እግሩ ለማያውቀው ስልት።
የማሲንቆው ሽማግሌ፣ በር ላይ ሲጠብቁ ተራ፣
«ክሯ ታማለች» አሉት፤ «እንዳታድናት፣ አደራ።»

ከዚያ ሰዓት እላፊ።
ከዚያ ድርቅ።
ጊታሯ በሁለት ቁና ማሽላ ሄደች።
ስለዚህ አላወራም።

ሸክላ አላስቀረጸም። ፎቶም ቢሉ አንዲት፣
ከዘለቃሽ ትከሻ ኋላ፣ ግማሽ ፊቱ ያለባት።

ባለፈው ኮምቦልቻ፣ የሰይድ ልጅ ልጅ ስትዳር፣
አንድ ጎረምሳ መጣ፣ አዲስ ጊታር፣
ስድስቱም ክር ሙሉ፣ እያንዳንዱ ያብረቀርቃል።
ልጁ ጥርት አድርጎ ይመታል፣ ያውቃል።
ግን ከዜማው ጫፍ ላይ፣ ሊያበቃ ሲል፣ ባፍታ፣
ጤነኛዋን ክር ጎትቶ፣ አሳምሞ ፈታ።

«ማን አስተማረህ ይህን?»
«ማንም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚመታው፣ አባባ።»

ዞሬ ሰይድን አየሁት።
በጎደሉት ጥርሶቹ መሐል
ቀስ ብሎ ሳቀና
«ፍሬኔ ናት» አለኝ።