ማረፊያ

ከገንዳ ውኃ አልፎ፣ ጎንደር በጀርባ ሲቀር፣
ደጋው ካበቃበት፣ ዋልካው ሲጀምር፣
አንድ ሰሌዳ አለ፤ ግማሹን ምስጥ በልቶበት
«ማረፊያ» ብቻ ይላል፣ «አውሮፕላን» ጠፍቶበት።

መጀመሪያ ጣሊያን በገመድ ለካና
በጅራፍ ሰው ነድቶ ሜዳውን አቀና።
አምስት ዓመት ሳይሞላ መሐንዲሱ ሄደ፤
ሜዳው ግን የት ይሂድ? ሣር ብቻ ወለደ።

ኋላ ዳኮታ መጣች፣ ማክሰኞ ጧት ጧት፤
ሰሊጥ፣ ሙጫ፣ ጥጥ፣ ደብዳቤ ጫኑባት።
አባቴ ሚዛን ያዥ።
ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ
«ከሰሊጥ ልትደምረኝ?» እትዬ ትሁኔ ስትቆጣ፣
አብራሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲስቅ
ትዝ ይለኛል፤ ወይም ሲያወሩት ነው የማውቅ።
እኔንም መዝኖኛል፣ ገና ጡት ሳልተው፤
«ዘጠኝ ኪሎ ተኩል» ብሎ መዝገብ ላይ ጻፈው።

ዘበኛው አዛናው ነው፤ ካኪ ኮት፣ ጥሩንባ፣
ፍየል ከሜዳው ላይ አንዲት እንዳትገባ።
በጨርቁ ከረጢት ነፋሱን ሲያነብ
ዳዊት ይመስል ነበር፣ ከንፈሩ ሲያነበንብ።
ስንቱን ሰው ሸኘ እንጂ አልተሳፈረም፤
«አንድ ቀን ውጣ እንጂ» ቢሉት አልሰማም።
«እኔ ከተነሣሁ መሬቱን ማን ይይዛል?»
እየሳቀ ይመልሳል።

ጦርነቱ መጣ።
«ጠላት እንዳያርፍ» ብለው ጉድጓድ ቆፈሩበት፤
ጠላትም፣ ወዳጅም፣ ማንም አላረፈበት።
ሰላም ሲወርድ አዛናው በአካፋ ደፈነው፤
ሰባት ወር። ማን አዘዘው? ማንስ ከፈለው?
አስፋልቱ ግን ቀድሞ ከአዘዞ ወረደ፤
አይሱዙ ሰሊጡን በአንድ አዳር ወሰደ።

አሁን የሰሊጥ ሂላ ሜዳው ላይ ይቆማል፣
ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፎ፣ ተራ የያዘ ይመስላል።
ፀሐይ ስትበረታ ፍሬው አፉን ይከፍታል፣
ወደ ላይ ያያል።
የሚመጣ የለም።

ባለፈው ሚያዝያ ጎንደር ፒያሳ ቆሜ፣
(ቆላው በዚያ ወር ድንጋይ ያስለቅሳል)
የእህቱ ልጅ ደወለ።
ብዙ ጊዜ ዝም አለ፣
ነፋስ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።
ከዚያ፣
«አዛናው አረፈ» አለኝ።

ቀና ብዬ ሰማይ አየሁ፤
ማክሰኞ መሰለኝ።