ሃያ አራት በር፣ ሁለት መስኮት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። የሆስፒታሉ ምድር ቤት።
አቧራውን ይዞ ገብቷል የአዳማ ነፋስ፣ እንደ ጎረቤት።
ከፊቴ አንድ ስዊች አለ፣ ዛሬ ከካርቶን የፈታሁት፤
ሃያ አራት በር፣ ሁለት መስኮት፣ ገና ስም ያልወጣለት።

በሮቹ መዳብ ናቸው፤ አፋቸው ባለ ስምንት ጥርስ፣
መቶ ሜትር ይሮጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አጭር እስትንፋስ።
መስኮቶቹ ብርሃን ጠጪ፣ ክራቸው እንደ ፀጉር ቀጭን፣
ከፍራንኮ ቦኩ የሚደርስ ሳያልበው፣ ሳይደክመው ጎኑን።
ኩሩ ነው ግን፤ አጥንቱ ብርጭቆ፣ ጎንበስ በል ቢሉት አይወድም፤
መዳብ ታጥፎ ይኖራል፣ እሱ ከታጠፈ አይድንም።

ይህን ዓይን ያየዋል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተው።
ጉዱ ያለው ጠባይ ላይ ነው፤ እሱን ከውጭ አታየው።

አንዱ አክሰስ ነው፤ የአንድ ቤት በር፣
ለካርድ ክፍል፣ ለሲስተር ኩሌኒ ኮምፒውተር።
ሲገባ ቁጥር ይለጥፋል፣ ሲወጣ ልጦ ያስቀራል፤
ኮምፒውተሯ መንደሯን ሳታውቅ በመንደሯ ውስጥ ትኖራለች፣
የማን ነሽ ብለው ቢጠይቋት፣
«እኔ?» ትላለች።

ሌላው ትራንክ ነው። እሱ አባቴ ነው።
ሠላሳ ዓመት በተሳቢ፣ ከአዳማ ጅቡቲ፣
የሰው ብረት፣ የሰው ስኳር፣ የሰው ማዳበሪያ፣
በያንዳንዱ ጆንያ ላይ የጌታው ስም ምልክቱ፣
አዋሽን አልፎ፣ ሚሌን አልፎ፣ በአንድ ጎማ፣ በአንድ መንገድ፣
ሳያምታታ፣ ሳያጓድል፣ ለየባለቤቱ የሚያወርድ።

ሥራ ስይዝ «ምን ላይ ነው?» አለኝ። «ፖርት ላይ» አልኩት።
ደስ አለው። ጅቡቲ መሰለው።
እኔም አላረምኩት።

ሦስተኛውን ሃይብሪድ ይሉታል፤ ለአንዱ ምልክቱን ይተውለታል፣
ለሌላው ደግሞ ይገፍለታል፤
ስልክና ኮምፒውተር በአንድ ክር፣
ሰርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም በአንድ ነጠላ እንደሚገባ ሰው።
ጠቃሚ ነው። አላምነውም።

ትራንክ ላይ ግን አንድ ጭነት አለ፣ ምልክት የማይለጠፍበት፤
ሁለቱ ጫፎች ሳይነጋገሩ የሚተዋወቁበት።
እዚህ ጫፍ «አንድ» ብለውት፣ እዚያ «ዘጠና ዘጠኝ» ካሉት፣
መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ኬብሉ ደህና፣ ማን ይጠርጥረው?
የካርድ ክፍሉ ጉዳይ ግን ላቦራቶሪ ገብቶ ያድራል፣
የላኩት ደረሰ ይላሉ፣ የጠበቁት አልመጣም ይላል።

ዛሬ ሦስት ሰዓት የፈጀብኝ ይኸው ነው።
አንድ ቁጥር። ያልተጻፈ።

እና እዚያ፣ ፋኑ እየጮኸ፣ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ
አባቴ ትዝ አለኝ፤ ከመንገድ ሲገባ፣
ዓይኑ ቀልቶ፣ ጫማው አሸዋ ሞልቶ፣
የሰውን ሁሉ ለየሰው አድርሶ ለእኛ አንድ ቃል ብቻ ተርፎት፦
«በልተሃል?»
ስም የለውም። ለማን፣ ስለ ምን፣ አልተጻፈበትም።
እኔ ቁጥጥር ነው ብዬ ተቀበልኩት፤
«አዎ» አልኩት፣ እንደ በር ዘግቼ።
እሱም ያንን «አዎ» ምን ብሎ እንደተቀበለው
እግዜር ይወቅ።
ሃያ ዓመት። መብራታችን አረንጓዴ።

ቁጥሩን አስተካከልኩ። ላይ ቤት አንድ ማተሚያ ተንቀሳቀሰ፤
ሲስተር ኩሌኒ በስልክ «ኧረ መጣ!» አለች፣
ያረፈደ እንግዳ እንደገባላት።

ስወጣ ነግቷል። ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ የነፋስ ማማዎች
ክንዳቸውን ያዞራሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ።
ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ወደ ታች፣ ወደ ሙቀቱ።
ደወልኩለት። ጡረታ ከወጣም ከወፍ በፊት ነው የሚነሣው።

«አደርክ?» አለኝ።
«አደርኩ።»
ዝም አለ። ሳል። ከጀርባው የራዲዮ ድምፅ።
«መርከቡ ገባ?»

አንድ አፍታ፣ ላርመው ነበር።
«ገባ፣ አባ» አልኩት።
ምንም አልለጠፍኩበትም።