የሚዛን ድንጋይ

ዱሉዝ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ብርድ መስኮት ሲልስ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኳ ሲያስነጥስ፣
«ፈረቃ አለ» ይላል፤ ቁጥር ያስከትላል፤
ጣቷ ሳይደርስበት ሆዷ ይቀበላል።

ማርሊስ ቶለፍሰን፣ የአዛውንት ቤት ረዳት፣
አስራ ዘጠኝ ዶላር በሰዓት ቆረጠላት።
እኔም እዚያው ፎቅ ነኝ፣ በዚያው ሌሊት።
ሚስተር ሃልቮርን፣ ያን ግንድ የሚያህል ሰው፣
እሷ በብብቱ፣ እኔ በእግሩ በኩል፣
አንስተን ስናዞር፣ ክብደቱ እኩል ለእኩል።

ሲነጋ፣ ዕረፍት ክፍል፣ ሾርባዋን አሙቃ፣
ስልኳን ከስልኬ ጎን አስተኛችው ስቃ።
የሷ አስራ ዘጠኝ። ሃያ አራት የኔ።
እጅ ከፍንጅ ተያዝሁ፣ ያልሰረቅሁት እኔ።

ፈቃዳችን አንድ ነው፣ ልብሳችን አንድ ነው፣ ወገባችን አንድ ዓይነት ያመናል።
ምን ለየን?

በገና ሰሞን ማሞቂያዋ ሞተ፤ በዱቤ አስጠገነች።
አንድ ክፍያ አለፋት፤ ለሁለተኛው ቀን ቆጠረች።
ማን ነገረው ለፈረቃ አዳዩ፣
ስሟን እንኳ በወጉ ለማይጠራው፣
ዕዳዋ ስንት ቀን እንዳለፈው፣
ጥሪውን በስንት ሰከንድ እንደምትቀበል፣
እንቢ እንደማትል?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል ነበር፤
ዛሬ ባዳው ስልክ ነው፣ ትራስ ሥር የሚያድር።
ዳኛ ሲያዳላ እንኳ ፊት አይቶ ነበረ፤
ይኼ ግን ፊቷን ሳያይ አዳልቶ አደረ።

የኔስ አምስት ዶላር? ሦስት ቀን አልቆየም።
የሳል ሽሮፕ ስገዛ፣ ሱቁ «ለአንቺ ብቻ» ብሎ
ዋጋ አወጣልኝ፣ እንደ ስጦታ ጠቅልሎ።
ያው ጠርሙስ በማርሊስ ስልክ ዘጠኝ፣ በኔ አስራ ሦስት።
በደሞዝ ያጎረሰኝ በዋጋ አስተፋኝ፤
ልጄ ሲስል ሰምቶ በሳሉ ገፈፈኝ።

አባቷ አርኔ የመንግሥት ሚዛን መርማሪ ነበር፤
ከሥጋ ቤት ማደያ፣ ከማደያ ወፍጮ ቤት ሲዞር፣
በከፋይ የተለበጠ ሣጥን በብብቱ አቅፎ፣
የዋሸ ሚዛን ካገኘ ቀይ ወረቀት ለጥፎ
ይወጣል፤ ሻጩ ወንድሙም ቢሆን።
«ለፓስተሩ ሚስትም ለሰካራሙም ፓውንድ ፓውንድ ነው» ይል ነበር አሉ።

መጋቢት ላይ ሴንት ፖል ወረድን። ሁለት ደቂቃ ሰጧት።
የድርጅቱ ጠበቃ ቀድሟት፣ «ቅናሽ እኮ ነው» አለ፤
«ሕጉ ከወጣ ቅናሹ ይሞታል።
እኛ ሰው አናውቅም፤ ገበያ ነው የምናነበው።»

ማርሊስ ወረቀቷን አላነበበችም።
ከኮቷ ኪስ አንዲት የነሐስ ድንጋይ አወጣች፣
ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጋ አስቀመጠች።
«የአባቴ ናት። ስትመዝን
የገዢውን ዕዳ አትጠይቅም።
ሥሯን ገልብጣችሁ ማኅተሙን ታያላችሁ።
የኔን ጉልበት የሚመዝነው ድንጋይ የት ነው?
አምጡትና ልገልብጠው።»

ቀይ መብራት በራ።
አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል ድንጋይዋን አንስቶ
በመዳፉ ይዟት ቆየ፣ የጠበቃውን ንግግር ትቶ።
ረቂቁ አልወደቀም። አልጸደቀምም። ወደ ሌላ ኮሚቴ ተመራ፤
ሕግ በእግሩ ሲያዘግም ዋጋ በክንፉ በረራ።

ስንመለስ ሂንክሊ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን።
ማደያው ማሽን ላይ የመርማሪዎቹ ክብ ማኅተም፣
የመንገድ ጨው የበላው፤ ማርሊስ በአውራ ጣቷ አበሰችው፤
ዓመተ ምሕረቱ እስኪነበብ አበሰችው።
ያኔ ሁለቱም ስልኮች ባንድ ላይ አስነጠሱ።
የመኪናው አፍንጫ ላይ ጎን ለጎን አስተኛናቸው፤
ሃያ አንድ የሷ፣ ሃያ ሦስት የኔ፤
በረዶ ቁጥሮቹ ላይ ይወርዳል።

«ይማርህ» አለችው ማርሊስ።
እኔ አሜን አላልኩም።