ውሃ ልክ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በደሴ ዳገት ላይ ድንጋይ ስደረድር፣
የቱ ግንብ እንዳበጠ፣ የቱ እንደተንጋደደ፣
በመዳፌ ዳስሼ፣ በጨለማ እንኳ አውቅ ነበር።
ዛሬ ግን፣
ከአልጋ ስነሣ ቤቱ አብሮኝ ይነሣና፣
አንዴ ይዞረኛል፣ ቁጭ ይላል እንደገና።

አራት ዓመቱ ነው ይሄ ማዞር ከመጣ፣
ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ተለምኖ የማይወጣ።
መጀመሪያ የያዘኝ ሳላይሽ ነው፣ መወጣጫው ላይ፤
ምድር ወደ ላይ መጣች፣ ወደ ታች ሄደ ሰማይ።
ሙሄ በቀበቶዬ ጎትቶ አወረደኝ፤
ሲሚንቶ ማቡካት ያስተማርኩት ልጅ፣ "አብሽር" አለኝ።

ጎረቤት ደም ማነስ፣ ባለቤቴ የሰው ዓይን አሉት፤
እኔ ደግሞ፣ ለማንም ሳልነግር፣ እርጅና አልኩት።
ዶክተር ጌራወርቅ ግን በመብራት አየኝና፦
"ጋሽ ይመር፣ ከጆሮዎ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ፣
የራስዎ ውሃ ልክ ነው፤ እሱ ነው የዋለለ።"
ሳቄ መጣ፣ ከመድኃኒቱ ሽታ መሐል፤
ስንቱን ያቀና ግንበኛ፣ በገዛ ጆሮው ይንጋደዳል?

"አባ፣ መሠረት አስቆፈርኩ" አለች ጦይባ በስልክ፣
"የአዲስ አበባ ግንበኛ መቼ ያውቃል ውሃ ልክ!
መጥተህ ሳታይልኝ፣ አንድ ድንጋይ አላስቀምጥም።"
"ልጄ፣ እኔ እኮ…" አልኩና፣ የቀረውን ዋጥኩት።
አውቶቡስ አይሞከርም፤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሳልደርስ፣
ጠመዝማዛው ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነው የሚፈስ።
ቲኬት ቆረጠችልኝ። "አንድ ሰዓት አይሞላም፤
ዓይንህን ጨፍን፣ በቃ።"
ስጨፍን እንደሚብስብኝ፣ እሷ አታውቅም።

ቀድሜ ወርጄ፣ ኮምቦልቻ አደርኩ፣
ሐረጎ ከሆዴ እስኪወጣ።

ጠዋት፣ ፈታሿ ከኪሴ ቱንቢዬን አወጣች።
"ይሄ ምንድነው?" አለች።
"ቀጥ ያለው የት እንደሆነ የሚያውቅ ብረት ነው" አልኳት።
ክሩን ይዛ አንጠለጠለችው።
ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፤ ቀስ አለ፤ ቀጥ አለ።
ሰልፉ ሁሉ ዝም አለ።
"ሹል ነው፣ አባባ፤ ከሻንጣው ጋር ይሂድ" ብላ ወሰደችው።
ባዶ ኪሴን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

ሙሄ የቋጠረልኝን ዝንጅብል ከጉንጬ ሥር አደረግሁ፤
አንገቴን እንደ እርጥብ ግንብ፣ ሰው እንዳይነካው ጠበቅሁ።
አይሮፕላኑ ሮጠ። ቦርከና ወደ ኋላ ቀረ፤
ሐረጎ ከእግሬ ሥር፣ እንደተጣለ ክር ተቋጠረ።

ከዚያ ዞረ።

ጦሳ በጎኑ ተጋደመ።
ያቆምኩት ግንብ ሁሉ፣ ከነደሴው፣ በመስኮት ሲያዘነብል አየሁ።
አጠገቤ ያለችው ሴት "ያረብ!" ብላ ክንዴን ጨበጠች፤
የኔን ክንድ! ሰው ደግፎ የሚያስኬደውን።
ግማሽ የጠጣሁት ሃይላንድ ጉልበቴ ላይ ተጋድሟል፤
ውሃውን አየሁት፤
ተራራ ተንጋዶ ሳለ፣ ሰማይ በጎን ገብቶ ሳለ፣
እሱ ከወንበሩ እኩል፣ ልክክ ብሎ ተኝቷል።

ውሃም ይዋሻል ለካ! የያዘው ነገር ሲዞር፣
አብሮ ይዞራል እንጂ፣ አያውቅም መናገር።
ታዲያ የጆሮዬ ጠብታ ምን አጠፋች?
እሷም ውሃ ነች።

በአራት ዓመት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ብቻዬን አልዞርኩም፤ አይሮፕላን ሙሉ ሰው አብሮኝ ዞረ።
"አብሽሪ" አልኳት ሴትዮዋን፣ "አሁን ይቀናል።"
"እንዴት አወቅህ?"
"ግንበኛ ነኝ።"

ስወርድ መሬቱ አላመነኝም፤ እኔም አላመንኩት።
ጦይባ ክንዴን ይዛ፣ ከጉድጓዱ አፍ አቆመችኝ።
ቱንቢውን ከሻንጣ አወጣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ።
ክሩን ለሷ ሰጠኋት፦
"አንቺ ያዢው" አልኳት፤
"ሲቆም ንገሪኝ።"