ሚዛኔ አልዋሸም

ሞላሌ ገበያ፣ ከባና ተራ ጥግ፣
ብርድ ከሰው ቀድሞ ሱቅ ከሚከፍትበት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው ስሸጥ ኖሬያለሁ፤
አንድም ቀን በሚዛን ሰው አልበደልሁበት።

እትዬ ወርቅያንሱም ከኔው ነው የሚገዙ፣
ርካሹን፣ ጥሬውን፣ ከቆላ የመጣውን፣
በአይሱዙ ጀርባ ላይ፣ የጣርማ በርን ጉም
ሰንጥቆ የወጣውን።

ንቅሳታቸውን አውቀው ነበር ድሮ፣
አምስት ረድፍ፣ ጠባብ፣ አንገት ላይ ተደርድሮ።
በየዓመቱ ረድፉ እየተራራቀ ሄደ፣
ኮረብታ ከእርከኑ ሥር እንደተወለደ።

ሰው ምክንያት አያጣም።
«ውኃው ነው» አሉ፣ «የምንጩ ቅዝቃዜ»፤
«እንስራ መሸከም»፤ «የዋጡት ትካዜ»።
አንዱ ቀልደኛማ፣ ጆሮ ደግፍ የያዛቸው ለት፣
ተረቱን ጮክ ብሎ ተረተባቸው፤
ሰፈሩ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። እኔም ጨው መዘንሁላቸው።

ስንዱ ዘንድሮ መጣች ከጤና ኬላው፣
ጠብታ በብልቃጥ በቦርሳዋ ይዛ፤
«ጋሽ ሸዋቀና፣ ከዚህ ጨው ቆንጥርልኝ» አለች፤
ቆንጥሬ ሰጠኋት፣ መስሎኝ የምትገዛ።

የታሸገው ጨው ላይ ጠብታዋ ሲያርፍ
ሰማያዊ ሆነ፣ እንደ ተልባ አበባ።
የኔው ላይ ጠብ አረገች። ጠበቅን።
ነጭ።
ደግማ ጠብ አረገች።
ነጭ። በረዶ የመታው ማሳ።

«አዮዲን ይሉታል» አለች፣ «ከአፈር ነበረ፤
ክረምት በመጣ ቁጥር ከዳገቱ ታጥቦ
ጎርፍ ይዞት ወረደ፣ ሄደ ወደ ቆላ፤
ገብሱ አያገኘው፣ በጉ ከየት ይብላ?
አንገት ግን ይሻዋል። ሲያጣው ይሰፋል፣
ካፊያ ለማጠራቀም ገንዳውን እንደሚያሰፋ ሰው።»

«ስንት ነው የሚበቃን?»
«ለአንድ ሰው፣ ለዕድሜ ልኩ፣
አንድ የሻይ ማንኪያ። እሱም ሳይሞላ።»

ሚዛኔን ዞሬ አየሁት።
ያን የሚያውቅ ድንጋይ የለውም።
ሰሐኑ ትክክል፣ ምላሱ ትክክል፤
አልዋሸም። አልዋሸሁም።
ወርቅያንሱ ግን ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራቸው
ተደግፈው ነው የሚያድሩ፣ ግድግዳ ላይ፣ ቁጭ እንዳሉ።

ማምሻውን አንድ እሽግ ይዤ ሄድሁ ቤታቸው።
«ስንት ነው?» አሉኝ። ዋጋው ጠፋኝ፣ ዝም አልኋቸው።
ገልበጥ አርገው አዩት፣ እንደ ደብዳቤ፣ ሳይከፍቱ፤
«ለኔስ መሽቷል» አሉ፣ «ይሄ ለልጅቱ።»
የልጅ ልጃቸውን ሳብ አርገው፣ በመዳፍ፣
አንገቷን ዳሰሱ፣ ቀስ ብለው፣
የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው፣
እንዳያገኘው እየተመኘ።

ጥሬው ጨው በጆንያ አሁንም ደጄ ላይ ነው፤
በግ ከገበያ ሲመለስ ቆም ብሎ ይልሰዋል፣
እኔም አላባርረው።